መስመሩ በእትዬ መኝታ ቤት ሲያልፍ

ቀያሹን ሰፈሩ ሁሉ «ሚሊሜትር» ነው የሚለው። አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በዘንግ ጫፍ የሳተላይት መቀበያ ሰክቶ መሬት ሲለካ፣ ለወዳጅ አስፍቶ ለጠላት አጥብቦ አያውቅም። ቤታቸው የፈረሰባቸው ሰዎች እንኳ ይረግሙታል እንጂ «ተሳስቷል» አይሉትም።

እንግዲህ ይኸው ሰው ነው አንድ ማክሰኞ ጠዋት የአዲሱን መንገድ ጠርዝ ሊያመለክት ወጥቶ፣ መስመሩ በታላቅ እህቱ መኝታ ቤት ሲያልፍ ያገኘው። እናታቸው ከሞቱ በኋላ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በዚያው ቤት፣ በዚያው ክፍል። ስክሪኑን አየ። ባትሪውን አውጥቶ መልሶ ከተተ። ያው ነው። ክው አለ።

እትዬ በሩ ላይ ቆማ እርጥብ እጇን በፎጣ ታደርቃለች።

«ምነው ፊትህ ጠቆረ?»

«መንገዱ ሁለት ሜትር ወደ ውስጥ ይገባል፣ እትዬ። ሁለት ሜትር ከተቆረጠ ደግሞ ቤቱ አይቆምም።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«መሣሪያው።»

«መሣሪያውስ ከማን ሰማ?»

ቀያሹ እንደ ልማዱ ማስረዳት ጀመረ። ምስኪን፣ ቤት ሊያስፈርስ መጥቶ ትምህርት ይሰጣል! ሳተላይቶቹ ከላይ ሆነው ያሉበትን ቦታና ሰዓቱን ይናገራሉ፤ መቀበያው ሞገዱ ስንት ዘግይቶ እንደደረሰው ያሰላና ከእያንዳንዳቸው ምን ያህል እንደሚርቅ ያውቃል፤ አራቱን ከሰማ የቆመበትን ያገኛል። ዕቃ የሚያመጣልሽ ባለሞተርም ቤትሽን የሚያገኘው በዚሁ ነው፣ አላት።

«እኔን ያዩኛል?»

«ማንንም አያዩም። ሰዓት ነው የሚናገሩት።»

«ሰዓት ለሚናገር ነው እንዴ ቤቴ የሚፈርሰው? አንተን ያሳደግኩህ እኔ ነኝ ወይስ ሳተላይት?»

አንጀቱን በላችው። መላ እንደሌለው አይደለም። ዘንጉን ከቆርቆሮው ጣሪያ ጥግ ቢያስጠጋው፣ ሞገዱ በቆርቆሮው እየነጠረ ስለሚደርስ መቀበያው ሁለት ሦስት ሜትር ይስታል። ያንን ተገን አድርጎ ምልክቱን ወደ መንገዱ ቢገፋው፣ ለጠየቀው ሁሉ «ቆርቆሮው ነው ያሳሳተኝ» ይላል፤ ማንም አይቀጣውም። ቀያሽ የተባለ ሁሉ ይህን ያውቃል። ዘንጉን አንስቶ ወደ ጣሪያው ጥግ ሄደ።

«ምን ልታደርግ ነው?»

«ሁለት ሜትር ልገፋልሽ።»

«ወዴት?»

«ወደዚያ። መንገዱ እንደሆነ አይጠብም፤ የወዲያኛውን ጠርዝ ነገ ከዚህ ምልክት ቆጥረን ነው የምንተክለው።»

እትዬ ቀና ብላ አየች። «ወዲያ» ማለት ከመንገዱ ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊ ናት፤ ባሏ ሞቶባት በረንዳዋ ላይ በስፌት መኪና የምትተዳደር። በዚያች ሰዓትም ፔዳሏን እየረገጠች ነበር። ሲያዩዋት ፈገግ ብላ እጇን አውለበለበችላቸው። እትዬም አውለበለበች፤ ምን ታድርግ?

እጇን ስታወርድ ፊቷ ተለዋውጧል።

«ና ውጣ ከጣሪያው ስር» አለችው።

ወጣ።

«ለሰው እንደምታደርገው አድርግ።»

ገላጣው ላይ ቆሞ እንደገና ለካ። ከዚያ ያደገበት ክፍል ግድግዳ ላይ ቀዩን መስመር ቀባ። እንባው ዱብ ዱብ አለ፤ አልደበቀውም። ቤቱን ይወደዋል፤ እሷን ደግሞ ከቤቱም አብልጦ።

«መቼ ነው የሚያፈርሱት?»

«በሦስት ወር።»

«የተከራየሃት ክፍል ስንት በስንት ናት?»

«ሦስት ሜትር ከሃያ፣ በሁለት ሜትር ከሰማንያ።»

«ለሁለት ሰው ትበቃለች?»

«አትበቃም፣ እትዬ።»

«አውቃለሁ። አልጋው ላይ እኔ እተኛለሁ፤ አንተ መሬት ላይ ታነጥፋለህ። እኔም ላንተ አሥር ዓመት መሬት ላይ ተኝቼልሃለሁ» አለችና ልብሷን ልትሸክፍ ገባች።