የእትዬ ዘነበች ጠጅ በጀሪካን ሳይበላሽ ከረመ

አልኮመጠጠም! ሁለቱንም ጀሪካን ከፈትኩት፣ ጠጁ ደህና ነው። ይቅርታ፣ እንደምን ዋላችሁ ወዳጆቼ።

ታላቅ እህቴ እትዬ ዘነበች ለልጄ ሰርግ የጣለችው ነው። እሷ ስታርፍብን ሰርጉ ተራዘመ፤ ጠጁም እዚሁ ደብረ ብርሃን፣ ጓዳዬ ውስጥ ቀረ።

ጎረቤቶቻችን "ጠጅ በፕላስቲክ? ሰርገኛውን ኮምጣጤ ልታጠጪው ነው?" ሲሏት፣ "መፍላቱ ሲያበቃ አጥልዬ፣ እስከ አፉ ሞልቼ እገጥመዋለሁ። አየር ካላገኘ ምን ይሆናል?" ትላቸው ነበር። (የከተማችን ብርድም ሳያግዛት አልቀረም።)

መቼም የጣለ ሰው ነው ቀድሞ በመዳፉ የሚቀምሰው። ዛሬ ከፈትኩት እንጂ ልቀምሰው አልደፈርኩም። ልጄ "እማዬ፣ አንቺ ቅመሺላት" ብላ መዳፌ ላይ ጠብ አደረገችልኝ። ጣፈጠኝ፤ አለቀስኩ።

እናንተስ፣ ያረፈ ሰው ያሰናዳውን ቀምሳችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ። ለሰርጉም ማንም እንዳይቀር፤ የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ነው።