እትዬ የፈረመችበት ቀን

በያጁ ብረት ሲቆርጥ እጁ ስቶ አያውቅም። በዚያን ቀን ጠዋት ግን የታላቅ እህቱን የጫማ ማሰሪያ ለመቋጠር ሦስት ጊዜ ሞከረ።

"አባባ፣ ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ?" አለችው፣ ቁልቁል እያየችው።

ቀልቡ ተገፈፈ። አባታቸው ከሞተ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ሌላ ቀን ቢሆን "አለኝ፣ ማታ እመጣለሁ" ብሎ ያልፈው ነበር። ዛሬ ግን ውል አጽዳቂ ፊት ልትቀርብ ነው።

እናታቸው ስትሞት ትምህርቷን ጥላ ያሳደገችው ይህችው እህቱ፣ እትዬ ናት። ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት አዝራር ስትተክል ኖራ፣ ከዚያችው ደሞዝ ቆጥባ ሁለት ክፍል ቤት ገዛች። ባል ሲመጣላት "መጀመሪያ ይሄ ልጅ ይድረስልኝ" እያለች ዕድሜዋ ነጎደ። ነገር መርሳት አብዝታ ምድጃ ሳታጠፋ ከቤት መውጣት ስትጀምር፣ በያጁ አረጋውያን መኖሪያ አስገባት። ክፍያውን የቤቷ ኪራይና የሱ ገቢ ተጋግዘው ይሸፍኑት ነበር። ከዚያ ተከራዩ ለቀቀ፤ መኖሪያውም ዋጋ ጨመረ። ክፍያው ሁለት ወር ሲዘገይ የመኖሪያው ኃላፊ ጠራችው።

"ወንድሜ፣ እኔም ደሞዝ የምከፍላቸው ሰዎች አሉኝ። እስከ ወሩ መጨረሻ ካልሆነ አልጋውን ወረፋ ለሚጠብቅ እሰጣለሁ" አለችው። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ የባሰውም ይኸው ነው።

ደግነቱ ለቤቷ ገዢ ተገኘ። ቤቱ ግን በእትዬ ስም ነው፤ የምትፈርመውን ካላወቀች ውሉ አይጸድቅም። ገዢውም ከዛሬ ወዲያ አልጠብቅም ብሏል።

ውል አጽዳቂዋ መነጽሯን ዝቅ አድርጋ እትዬን አየቻት። "እማማ ብቻቸውን ይቅሩ። ሌሎቻችሁ ውጡ።"

በያጁ ከመስታወቱ በር ውጭ ቆሞ ያያል እንጂ አይሰማም። የአጽዳቂዋ ከንፈር ይንቀሳቀሳል፤ እትዬ ጣቶቿን ትመለከታለች። ገዢው ከኋላው ሰዓቱን ደጋግሞ ያያል። በመጨረሻ እትዬ አንድ ነገር ተናገረች። ሴትዮዋ ብዕሯን አስቀመጠች። አለቀልኝ፣ አለ በልቡ።

በሩ ተከፈተና ተጠራ።

"የሚሸጡትን ያውቃሉ" አለች አጽዳቂዋ። "ግን ገንዘቡ በስማቸው ባንክ ይግባ፣ ለወንድሜ እንዳይሰጥ ብለዋል።"

ፊቱ ጋለ። ገዢው አንገቱን አዞረ።

"እትዬ፣ ይበላብኛል ብለሽ ነው?"

"አንተማ አትበላም" አለችው፣ በልጅነቱ ስትቆጣው በምታይበት ዓይን እያየችው። "ልጅህ ሲታመም ታወጣለታለህ። ከዚያ ለኔ ለመክፈል መበየጃህን ትሸጣለህ። መቼ አጣሁህ፣ ያሳደግኩህ እኔ።"

መበየጃውን ለደላላ ካሳየ ሳምንት ሆኖታል፤ ለሚስቱ እንኳ አልነገራትም።

ፈረመች። ፊደሎቹ ተንጋደዋል፤ ስሟ ግን አልጎደለም።

ታክሲ ውስጥ፣ "ገንዘቡ ስንት ጊዜ ያኖረኛል?" አለችው።

"አራት ዓመት።"

"ከዚያ ወዲያ ከኖርኩ እንግዲህ ጥፋቱ የኔ ነው" ብላ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

አምስተኛው ዓመት ከገባ ይኸው ሦስተኛ ወሩ። እትዬ አለች፤ በደንብ ትበላለች፣ እሱን ግን ጨርሶ አታውቀውም። የባንኩ ገንዘብ ስላለቀ በያጁ እሁድንም ይሠራል። ወሩ ሊያልቅ ሲል ስልክ ከጮኸ፣ ከመኖሪያው ይሆናል ብላ ሚስቱ አታነሳም፤ እሱ እጁን ጠራርጎ እስኪመጣ ትጠብቃለች።