የጋሽ ወርቁ ግራ ጆሮ

ይህን ለባሌም ለንስሐ አባቴም ተናግሬው አላውቅም። ለእርስዎ የምናገረው ስለማያውቁኝ ነው።

ጋሽ ወርቁ ፓይን ሌክ በምትባል ትንሽ ከተማ ጎረቤቴ ናቸው። በዲቪ በመጡ በሦስተኛው ወር፣ ሎረንስቪል ከተማ አጠገብ እኔ የምሠራበት መጋዘን ያስቀጠርኳቸው እኔ ነኝ፤ "ጤነኛ፣ ብርቱ ሰው ናቸው" ብዬ። የቅጥር ቅጹ ሲሞላ ያስተረጎምኩትም እኔው ነኝ። የቅጥር ክፍሏ ሴትዮ ልናውቀው የሚገባ የጤና ችግር አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እሳቸው ምንም አልሸሸጉም።

"ግራ ጆሮዬ ከልጅነቴ ጀምሮ አይሰማም በያት፣ ልጄ። በዚያ በኩል የሚመጣ አይታወቀኝም።"

እኔ ግን "ምንም የለባቸውም" አልኳት።

ለምን? ለእሳቸው አስቤ ነው እያልኩ ራሴን ስደልል ኖሬአለሁ። ውሸቴን ነው! የፈረቃ አለቃ ልሆን ጥቂት ቀርቶኝ ነበር፤ እንከን ያለበት ሰው አመጣች እንዳልባል ፈራሁ። ሴትዮዋ ፈገግ ስትል፣ ጋሽ ወርቁ የተረዳቻቸው መስሏቸው እጅ ነሱ። ከዚያ ወዲያ "አውቀውልኛል" ብለው ተማምነው መጋዘኑ ውስጥ ይሄዱ ነበር። በአራተኛው ሳምንት ፎርክሊፍት የሚሉት የዕቃ ማንሻ መኪና በግራቸው መጣ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ደጋግሞ ነፍቷል። ግራ እግራቸው ከቁርጭምጭሚቱ ተቆረጠ።

ሴትዮዋ የጆሯቸውን ነገር ከሐኪሞቹ ሰምታ ኖሮ፣ ሆስፒታል መጥታ ለምን እንደደበቁ ጠየቀቻቸው። "ነግሬያት የለም እንዴ?" አሉ። እኔስ ምን ብዬ ተረጎምኩ? "ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ነው ይላሉ።" የራሴን ፍርሃት በእሳቸው አፍ ተናገርኩት። በዚያው ከሥራ ተሰናበቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እሳቸው መች ደበቁ? የደበቅኩት እኔ! ጠዋት ጠዋት ሥራ ስገባ መኪናዬ ውስጥ ለብቻዬ እጮኻለሁ። ጩኸቴ ለእሳቸው ምን ይፈይዳል?

አሁን የገዛ ልጃቸው ሳትቀር "አባዬ፣ ለምን ዋሸሃቸው?" ትላቸዋለች። ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ስሄድ እጄን ያዙኝ።

"ልጄ፣ ያን ቀን ስለ ጆሮዬ ነግሬሽ ነበር፣ አይደል?"

እውነቱ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። መለስኩት።

"አላስታውስም፣ ጋሼ።"

ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

"እንግዲያው የዘነጋሁት እኔ ነኝ። አንቺን በከንቱ ስጠረጥርሽ ከረምኩ። ይቅር በይኝ።"

"ይቅር ለእግዚአብሔር" አልኳቸው።