ስም ያልተጻፈበት ሲባጎ

ቅዳሜ ጠዋት የባለቤቴን ወርክሾፕ ስጠርግ... ግድግዳው ላይ የማላውቀው ሲባጎ ተሰቅሎ አገኘሁ።

ለማታውቁን ልንገራችሁ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ ወርክሾፕ አለችን። አያልነህ በገናና ክራር ይሠራል፣ የሞተ የልብስ ስፌት መኪናና ቴፕ ላይም ነፍስ ይዘራል። እኔ ደንበኛ እቀበላለሁ፣ ዕቃ አስረክባለሁ፣ ወሬ እሰማለሁ። በገና ሲታዘዝ ደርዳሪውን ወንበር ላይ ያስቀምጥና ከትከሻ እስከ ጣት፣ ከወንበሩ እስከ ግንባር በሲባጎ ለክቶ ልኩ ላይ ይቋጥራል። ከዚያ ስም ጽፎ ያንጠለጥልበትና ምስማር ላይ ይሰቅለዋል። በአንዱ ልክ የሌላውን አይሠራም።

ያ ሲባጎ ግን ስም የለውም። የክንዱ ልክ ደግሞ አጭር ነው... የሴት ክንድ!

«ይሄ የማን ነው?» አልኩት።

«የሰው ነው» አለኝ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

የሰው! አሁን ይሄ መልስ ነው? ጥጉ ላይ ደግሞ በጆንያ የተሸፈነ በገና አለ። እንዲህ ሲለፋ አይቼው አላውቅም፤ እንጨቱን በመስተዋት ስባሪ ሲያለሰልሰው ልጅ የሚያጥብ ነው የሚመስለው። እኔ የምቀመጥባትን በርጩማ ጠግንልኝ ካልኩት ዓመት ሊሞላ ነው።

ዘዴ ፈጠርኩ። ሰኞ እንጨት ሊያይ ወደ አምበር ሲሄድ፣ የመጣችውን ሴት ሁሉ «እስቲ አንዴ ያዢልኝ፣ ቁመናውን ልየው» እያልኩ በገናውን ማስታቀፍ ጀመርኩ።

የስፌት መኪናቸውን ሊወስዱ ከደብረ ወርቅ የመጡት እማሆይ እንኳ አልቀሩልኝም። «ኧረ ልጄ፣ እኔ የመጣሁት ለመኪናዬ ነው» እያሉ ተቀመጡ። የበገናው ቀንበር፣ ከላይ ያለው አግዳሚ እንጨት፣ ከቆባቸው በላይ ሄደ። እማሆይ ነፃ ወጡ። ጎረቤቴ ውቢት ክንዷ ተረፈ። «አንቺ፣ ዘንድሮ በገና በግድ ሆነ እንዴ?» ብላኝ እየሳቀች ወጣች።

ከዚያ ቲቸር ሰናይት መጣች። ከጅማ ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት፣ የእናቷን የእጅ ስፌት መኪና ለጥገና ሰጥታናለች። ጠይም፣ ሳቂታ... ባለቤቴን «አያልዬ» ነው የምትለው። እኔ እንኳ አያልዬ የምለው በዓል በዓል ነው!

አስቀመጥኳት። በልኳ እንደተሰፋ ቀሚስ ልክክ አለ። ክንዷ፣ ጣቷ፣ ግንባሯ...

«ውይ፣ እንዴት ደስ ይላል!» ትለኛለች ጭራሽ።

«መኪናሽ አልደረሰም» አልኳት። ደርሷል። ዘይት ጠጥቶ፣ ተወልውሎ፣ ከጀርባዬ በጨርቅ ተሸፍኗል። «ዕቃ ጠፍቶ ነው። ከፋሲካ በኋላ ብቅ በይ።»

«እናቴ እኮ ለፋሲካ ልትመጣ ነው... ሲሠራ እንድታየው ብዬ ነበር።»

ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ ወይ ፍንክች።

አያልነህ ሲመለስ በገናውን ፊቱ አቆምኩት። «የሰናይትን በገና ስትጨርስ ንገረኝ፣ ልብሴን ልሰብስብ!»

እኔን አየ፣ በገናውን አየ፣ ሳቁን ዋጥ አደረገ።

«ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም!»

«ኧረ ባክሽ ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። አስታቀፈኝ። ክንዴ ደረሰ። ጣቴ ደረሰ። ቀንበሩ ግንባሬ ትይዩ ቆመ። የከተማውን ሴት ባስቀመጥኩበት ወንበር ላይ... እኔ ራሴ አንድም ቀን ተቀምጬ አልሞከርኩም ነበር።

«አምና በጾሙ "መደርደር ብማር" አላልሽም?» አለኝ። «አንቺን ብለካሽ ልታውቂብኝ ነው። ቲቸር በቁመትም በትከሻም አንቺን ነው የምትመስለው፣ በሷ ለካሁት። እንዳትነግርሽም አስምያታለሁ።»

ለካ «እንዴት ደስ ይላል» ያለችው ለኔ ኖሯል! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ባጃጅ ጠርቼ የስፌት መኪናዋን ራሴ ጭኜ ቤቷ ድረስ ወሰድኩላት።

«ዕቃው ተገኘ» አልኳት። አቅፋ ሳመችኝ። እኔም ሳምኳት፣ ከልቤ።

ቤት ገብቼ በገናዬን ታቅፌ ስደባብስ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ሲባጎው የሚጀምረው ከትከሻ ነው አይደል?

«አያልዬ...» አልኩት። «የሲባጎውን ጫፍ ትከሻዋ ላይ የያዘው ማን ነበር?»