የወንድሜ እግርና የመምህሩ አይጦች

ባለፈው ሳምንት ሐኪሙ ለጉልበቴ ካልሲየም የሚባለውን ኪኒን ሲያዝልኝ ሳቄ አመለጠኝ። «ምን አሳቀዎት?» አለኝ። አይጥ ብዬ ብመልስለት አእምሮዬን ሊመረምር ነው፤ ማዘዣውን ተቀብዬ ወጣሁ።

ሰቆጣ ስምንተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣው የሳይንስ መምህራችን በሁለት ሳጥን ነጫጭ አይጦች ያረባ ነበር። የአንደኛው ሳጥን ምግብ የማሽላ ዱቄት ብቻ ነው። ለሁለተኛው በዚያው ላይ ጨውና ተቃጥሎ የተወቀጠ አጥንት ይጨምርበታል። ሰውነት ከእህል ሌላ እንደ ካልሲየም ያለ ማዕድንም እንደሚፈልግ ሊያሳየን ነው። የበጋው ነፋስ አቧራውን እያነሳ ሁዳዴ ሲገባ፣ ማሽላ ብቻ የሚበሉት የኋላ እግራቸውን መጎተት ጀመሩ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ ግን ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ሁለት ዓመት አልፎት መቆም ያቃተው ታናሽ ወንድሜም እንዲሁ ነበር የሚጎተተው።

ለእናቴ ነገርኳት። ምነው ምላሴን በቆረጠው! ልጁን አዝላ ትምህርት ቤት ድረስ ገሰገሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

«ልጄን ከአይጥ የምታስተያየው አንተ ነህ?»

መምህሩ ከየሳጥኑ አንዳንድ አይጥ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ለቀቀ። አንዷ ሮጠች፤ ሌላዋ በሆዷ ተሳበች። እናቴ እጇን ወደ ኋላ ሰድዳ የልጁን እግር ዳበሰች። እንዲያ ስትፈራ አይቻት አላውቅም።

«ይቺ ትድናለች?» አለች፣ የተሳበችውን እያየች።

«ምግቧ ላይ ጨውና የተወቀጠ አጥንት ጨምረን እንያት፣ እትዬ። አልዋሽዎትም፣ እርግጠኛ አይደለሁም።»

«ከቆመች ለልጄም እሰጣለሁ። ከሞተች ግን...» ልጁን እንዳዘለች ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ሰላምታዋ «ቆመች?» ብቻ ሆነ። አልቆመችም። ጭራሽ መብላትም ተወች። ይቅር ይበለኝና ለአይጥ ነፍስ ተሳልኩ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስገባ ከጓሮ የዘነዘና ድምፅ ሰማሁ። እናቴ ከቅበላ የተረፈ የበግ አጥንት አቃጥላ ትወቅጣለች፤ ያውም የጾም በርበሬያችን በሚወቀጥበት ሙቀጫ! አባቴ ቄስ ነው። በሁዳዴ ሥጋ የነካ ዕቃ እንኳን ከአፉ ከደጃፉም አይደርስም።

«አባትሽ እንዳይሰማ» ስትለኝ፣ እሱ ከቅዳሴ ተመልሶ ከኋላዬ ቆሟል።

ሙቀጫውን አየ፤ ልጁን አየ። እናቴ ዘነዘናውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሙቀጫውን አንስቶ ይወረውረዋል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

«አድቅቂው» አላት። «እንዳያንቀው። የእኛን በርበሬ ከጎረቤት ትወቅጫለሽ።»

ወንድሜ ክረምት ሳይገባ ግድግዳ ይዞ ቆመ። አጥንቱ ይሁን፣ ጸሎቱ ይሁን፣ ዕድሜው ይሁን አልፈርድም። ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል፤ ትንሽ ቢያነክስም ይሄዳል።

አይጧ ግን እናቴ አጥንቱን በወቀጠች ሰሞን ሞተች። እናቴ ስለ እሷ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም፤ እኔም አልነገርኳት። ወንድሜ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ከበር ጀምሮ አካሄዱን አያለሁ፤ እናቴ የአይጧን መጨረሻ ጠብቃ ቢሆን ኖሮ እያልኩ እስከ ዛሬ እፈራለሁ።