ጽጌማርያም ቆጵሮስ ላይ የት ትረፍ?

እህቴ ጽጌማርያም ቆጵሮስ አሥራ አንድ ዓመት ኖራ ቆጵሮስን አላየችም። ይህን የምትለው ራሷ ናት። ስትለውም አታማርርም፤ የመጋረጃ ልኬት እንደምትናገር አድርጋ ነው የምትለው።

ከሰው ቤት ሥራ ተሰናብታ ከተመለሰች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ኮልፌ ውስጥ የመጋረጃ ሱቅ አላት፤ ከእኔ የብረት በርና መስኮት መሥሪያ ጋር ግድግዳ እንጋራለን። ሰው መስኮቱን እኔ ጋ ያሠራና መጋረጃውን እሷ ጋ ያሰፋል። ታላቄ ናት፤ ባል አላገባችም። ቁጣ አታውቅም፤ በቤታችን ቁጣ የተሰጠው ለእኔ ለባምላኩ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ፣ እኔ ቤት ምሳ ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ «ለሽርሽር ልሄድ ነው» አለች።

እኔ ዱባይ መሰለኝ። አብረውን የነበሩት ጎረቤታችን ወይዘሮ አልማዜ ደግሞ ኢየሩሳሌም መስሏቸው እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። ቆጵሮስ ስትል ሁላችንም ደነገጥን።

«እዚያው?» አልኳት።

«እዚያው። አሁን ግን ልጎበኝ ነው።»

ወይዘሮ አልማዜ ከሁላችን ቀድመው አገገሙ። ቆጵሮስን የሚያውቋት ከሐዋርያት ሥራ ነው። «የበርናባስ አገር አይደለች እንዴ? ጳውሎስም ረግጧታል። ሂጂ ልጄ፣ በረከት ነው» አሏትና ምሳቸውን ቀጠሉ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ገበያ ቀዝቀዝ ሲል ልጄ ፅዮን ስልኳን ይዛ ወደ አክስቷ ሱቅ ትሄዳለች። ጨርቅ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሆቴል ይመርጣሉ። እኔም ብረት እየቆረጥኩ፣ ማሽኑን ሳጠፋ እሰማቸዋለሁ።

«እቴቴ፣ ተራራው ላይ ብታርፊስ? የድንጋይ ቤት ነው፣ በረንዳው ላይ ወይን አለው።»

«ዳገትማ እዚህም ሞልቶኛል።»

«ፓፎስስ? የጥንቱ ፍርስራሽ ከሆቴሉ በእግር ነው ይላል።»

«እሱን በአውቶቡስ ደርሼ እመለሳለሁ። እኔ ላርናካ ነው ማደር የምፈልገው።»

ላርናካ የኖረችበት ከተማ ነው። ፅዮን ለምን እንደሆነ ስትጠይቃት፣ የአሠሪዋን የማዳም ማሩላን የልጅ ልጆች ባሕሩ ዳር ትወስዳቸው እንደነበር ነገረቻት። «አገር ሊያይ የመጣው ሰው ቁጭ ብሎ ባሕሩን ያያል፤ እኔ ፎጣና ቦርሳ ተሸክሜ ቆሜ ልጆቹን አያለሁ። አንድ ቀን ዓይኔን ከነሱ ባነሳ ትንሹ አንገቱ ድረስ ገብቷል። ከዚያ ወዲያ አላነሳሁም። አሁን እንደ ሰው ቁጭ ብዬ ማየት ነው የምፈልገው።»

ይህን ጊዜ ነው ከበሩ ብቅ ያልኩት። ባልገባ ምን ነበረበት።

«ላርናካ ከሆነማ ማዳም ማሩላ አሉ አይደል? ሰው እያለሽ ምን ቤርጎ ለቤርጎ ያንከራትትሻል?»

እኛ ዘንድ ሰው ባለበት አገር ሄዶ ቤርጎ ማደር ስድብ ነው። አጎታችን አንድ ጊዜ ደብረ ማርቆስ ሄዶ ዘመዶቹን ላለማስቸገር ብሎ ቤርጎ ቢያድር፣ ሽማግሌዎች ሁለት ዓመት ተመላልሰው ነው ያስታረቁት። ማዳም ማሩላ ደግሞ በየፋሲካው ደውለው እንኳን አደረሰሽ ይሏታል፤ ሁልጊዜም «ክፍልሽ እንዳለ ነው» ሳይሉ ስልኩን አይዘጉም። ከዚህ በላይ ምን ግብዣ አለ?

«ይቅርብኝ» አለችና መቀሷን አነሳች።

እኔ ይሉኝታ መሰለኝ። ይሉኝታ የያዘውን ሰው ደግሞ የሚገላግለው ወንድም ነው ብዬ፣ ማንንም ሳላማክር የማዳምን ቁጥር ፈለግሁ። በስልኬ አስተርጉሜ፣ «እህቴ ክረምት ሲገባ ትመጣለች፤ እርስዎ ቤት ታርፋለች» ብዬ ላክሁላቸው። ብየዳዬን ሳልጨርስ መልስ መጣ። ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ክፍሉን ዛሬውኑ አስጠርገዋለሁ አሉ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ለጽጌማርያም ስነግራት አልጮኸችም። «እሺ» አለችና ጨርቋን መቁረጥ ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ ፅዮን ስልኳን ስትከፍት፣ «ዝጊው ልጄ፣ ማረፊያማ ተገኝቷል» ትላታለች። ፅዮን አኮረፈችኝ። እኔ ጅሉ ግን ነገሩን በማሳመሬ ኮርቼ ሰነበትኩ።

የቪዛው ፎርም የማረፊያ አድራሻ ይጠይቃል፤ እስከ ሰኞ መሞላት ነበረበት። ቅዳሜ ወደ ሱቋ ስገባ ፅዮን መጋረጃ ታጥፋለች፣ ጽጌማርያም ፎርሙን ፊቷ ዘርግታ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። አድራሻው ላይ ምንም አልጻፈችም። ወሬ ብጤ ልጀምር ብዬ፣ «ለመሆኑ ክፍሉ ምን ይመስላል? መስኮቱ ወደ ባሕሩ ነው?» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። ጠመኔዋንና ሜትሯን አንስታ ሲሚንቶው ላይ ተንበረከከች። ትለካለች፣ ታሰምራለች።

«ይኼ በሩ ነው። ወደ ኩሽናው ነው የሚከፈተው። ይኼ አልጋው። ይኼ ልብስ ማጠቢያው። መተኮሻው ከአልጋው ጎን ይቆማል።» ተነስታ እጇን አራገፈች። «ግባ እስቲ።»

ገባሁ። እጄን ብዘረጋ ከሁለቱም መስመር ወጣ።

«መስኮቱስ?»

«መስኮት የለውም።»

መስኮት መሥራት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው፤ የመጀመሪያውን የብየዳ ማሽን የገዛሁት እሷ በላከችልኝ ነው። ለመጣው ደንበኛ ሁሉ «እህቴ ቆጵሮስ፣ ባሕሩ ዳርቻ ነው የምትኖረው» እያልኩ ጉራዬን ስነዛ ነበር። አፈርኩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

«ማዳም ክፉ ሴት አይደለችም» አለች፣ የማስበውን ያወቀች ይመስል። «ስትታመም አስታምሜያታለሁ፤ እኔም ስታመም ሐኪም ቤት ይዛኝ ሮጣለች። ግን እዚያ ቤት ካደርኩ፣ ጠዋት ማንም ሳያዘኝ ተነስቼ ሳህን አጥባለሁ። አልጋዋን አነጥፋለሁ። እጄን አውቀዋለሁ።»

«እኔ ያበላሸሁትን እኔው ደውዬ ልንገራቸው።»

«አንተስ ይበቃሃል» አለችና ስልኳን አነሳች።

በግሪክኛ ነበር ያወሩት። ሲጀመር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ስትጨርስ በመሀረቧ ጫፍ ዓይኗን ጠረግ አደረገች።

«ሆቴል ነው የማርፈው አልኳት። ‹ምን በደልኩሽ?› አለችኝ። ምንም፣ አንድ ጊዜ እንግዳ ሆኜ ልምጣ አልኳት። ከዚያ ‹የትኛው ሆቴል?› አለችኝ።»

«ተቀየሙ?» አልኩ።

«ትንሽ። ሆቴሉ ድረስ ትመጣለች፤ ቁርስ እጋብዛታለሁ።»

ፅዮን መጋረጃውን ጥላ ስልኳን ከፈተች። ባሕሩ ፊት ለፊት ያለ፣ ሰገነት ያለው ሆቴል ነበር፤ ድሮም በልቧ ይዛው ኖሯል። ክፍሉ ከመያዙ በፊት ግን እንግዳውን የሚጠይቀው ነገር አለ። ከፍ ያለ ፎቅ ይሻልዎታል ወይስ ዝቅ ያለ? አልጋው ሰፊ ይሁን ወይስ መካከለኛ? ጸጥ ያለ ክፍል ይፈልጋሉ? ትራሱስ ለስላሳ ይሁን ጠንካራ? ፅዮን አንድ በአንድ ወደ አማርኛ እየመለሰች አነበበችላት።

ጽጌማርያም መነጽሯን አደረገች። «ይኼን ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ?»

«አንቺን ነው እቴቴ።»

አንዱንም ዝም ብላ አላለፈችውም፤ እያሰበች መለሰች። ከፍ ያለ ፎቅ። ሰፊ አልጋ። ትራሱ ላይ ስትደርስ ሳቀችና እሱን እስካሁን አስባበት እንደማታውቅ ተናገረች።

እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየሳምንቱ ትደውልልኝ ነበር። ስለ ብየዳ ማሽን አውርቻታለሁ፣ ስለ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ስለ ፅዮን ትምህርት ቤት አውርቻታለሁ። የት እንደምትተኛ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኳትም።