የሌለችውን ወላድ ልጠይቅ ጋምቤላ ደርሼ

ማክሰኞ ጠዋት ከአቦቦ የተነሳሁት ለጠብ ነው፤ ይህን አልደብቅም። ዋዜማውን የልጅ ልጄ ሀያት ከጋምቤላ ደውላ አለቀሰችብኝ። ሀያት አዋላጅ ነርስ ለመሆን ትማራለች። ትምህርት ቤታቸው ማዋለድ የሚያለማምድ መነጽር በውሰት መጥቶለታል። ያለው አንድ ብቻ ነው፤ ማክሰኞ ማታ ወደ ሌላ ከተማ ይሄዳል። በእሱ ሳይለማመድ የቀረ ተማሪ ማዋለጃ ክፍል ገብቶ አያዋልድም፤ እስከሚቀጥለው ዓመት ይጠብቃል።

«ታዲያ አንቺስ?» አልኳት።

«እኔማ ተራ አልሰጡኝም፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ ያለችውን አልሰማሁም። ከወሎ በሰፈራ መጥቼ አቦቦ ስኖር በወፍጮ ቤትም በቦኖም ተራዬን አስነክቼ አላውቅም፤ የሌላውንም ነክቼ አላውቅም።

መንገድ ላይ

ሚኒባሱ እስኪሞላ ድረስ ፀሐይዋ ጣሪያውን አጋለችው። አጠገቤ አሪየት የምትባል የአኙዋ ሴት የደረቀ ዓሣ የሞላ ቅርጫት ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ረዳቱ ለቅርጫቱም የሰው ሒሳብ ካልከፈልሽ አላት።

«ቅርጫቱ ወንበር ይዟል?» አልኩት።

«ማዘር፣ አንቺን ማን ጠየቀሽ?»

«ማንም። ወንበር ይዟል ወይ ነው ያልኩህ።»

ተሳፋሪው ሳቀ፤ ረዳቱም እያጉረመረመ አለፈ። አሪየት ወደ እኔ ዞራ «እናቴ፣ አንቺ ዳኛ ነሽ? የት ነው የምትሄጂ?» አለችኝ።

«ልጣላ።»

«ከማን ጋር?»

«ስደርስ አውቀዋለሁ።»

ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለሆነ ሣሩ ከሰው ቁመት በልጧል። ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው የመኪናውን ማለፍ እንደ ሹም ይጠብቃሉ። አሪየት ከዓሣዋ ቆርሳ ሰጠችኝ፤ ጨው የበዛበት፣ ጥሩ ዓሣ ነበር። ጋምቤላ ስንገባ ባሮ ሞልቶ፣ ቀልቶ ይወርዳል። የባጃጁ ልጅ ትምህርት ቤቱ ወዳለበት ወደ ኒውላንድ ሰፈር እጥፍ ሒሳብ ጠየቀኝ። «ፀጉሬ ሸበተ እንጂ ዓይኔ አልጠፋም» ብዬው ከሌሎች ጋር ተጋርቼ ሄድኩ።

የሄድኩበት ጠብ

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስደርስ ተማሪዎቹ በረንዳ ላይ ተሰልፈዋል። «ተራ የሚያድለው ማነው?» ብዬ ጮህኩ።

አንድ ረጅም ወጣት ብቅ አለ። መምህር ኦጁሉ ይባላል። «እኔ ነኝ እናቴ። ምን ሆንሽ?»

«የሀያትን ተራ ለማን ሰጠህ? አገር የላትም? ዘመድ የላትም?»

ቀስ ብሎ በሩ አጠገብ የቆመችውን ሀያትን አያት። «ሁለት ጊዜ ጠርቻታለሁ እናቴ። ሁለቱንም ጊዜ አጣኋት።»

ሀያት ጫማዋን ታያለች። «ከግቢው ማንጎ ሥር ተደብቄ ነበር» አለች። ከዚያ ነገሩ ወጣ። ሆስፒታል ለጉብኝት ወስደዋቸው ሳለ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ደም ይፈሳታል። «ሴትየዋ ተርፋለች። እኔ ግን ራሴን ስቼ ወደቅኩ፤ እሷን ትተው እኔን አነሱ። ደግሜ ብወድቅስ፣ እማማ?»

ለጠብ የሄደ ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ ምላሱ ይከብደዋል። ቢሆንም መምህሩን ተማሪዎቹ ፊት ይቅርታ ጠየቅኩት። ደግ ሰው ነው። «ከሩቅ መጥተሻል፤ ከምሳ በኋላ ሀያት የመጀመሪያ ትሁን» አለኝ።

«አይሆንም። ተራዋን የጣለችው ራሷ ናት። መጨረሻ ትሰለፍ።»

ሀያት በጥፊ የመታኋት ያህል አየችኝ። ከፊቷ ስድስት ተማሪዎች ነበሩ።

መነጽሩ

ተማሪዎቹ ምሳ ሲሄዱ መምህሩ «የመጣሽበትን ነገር እይው እንጂ» አለኝ። የማንንም ተራ እንደማልወስድ ካረጋገጥኩ በኋላ እሺ አልኩ። መነጽሩ ፊት ላይ የሚታሰር ጥቁር ነገር ነው።

«ቪአር ይባላል፤ በአማርኛ ምናባዊ እውነታ ይሉታል» አለኝ። «ሁለቱ ዓይኖችሽ ትንሽ የተለያየ ሥዕል ያያሉ፤ ስለዚህ አእምሮሽ እውነተኛ ቦታ ያለ ይመስለዋል። ራስሽን ስታዞሪ መሣሪያው ያውቃል፤ ሥዕሉም አብሮሽ ይዞራል። ፓይለት ሳይበር ይለማመድበታል፤ ቀዶ ሐኪምም በሽተኛ ሳይነካ። ለጨዋታ ብቻ የሚገዙትም አሉ።»

ጫማዬን አወለቅኩ።

«አታውልቂ እናቴ፣ አያስፈልግም።»

«ሰው ቤት በጫማ አልገባም።»

ሲያስርልኝ ክፍሉ ጠፋና ሌላ ክፍል ውስጥ ቆሜ ተገኘሁ። ወደ ቀኝ ብዞር ጓንት የተደረደረበት ጠረጴዛ፤ ቀና ብል ጣሪያ አለ። ወደ ታች ባይ እግር የለኝም! «አንተ፣ እግሬን የት አደረስከው?» አልኩ፤ ሲስቅ ሰማሁት። አልጋው ላይ አንዲት ሴት ታምጣለች። ዝም ብዬ ማየት ነውር መሰለኝና «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አላህ በሰላም ይገላግልሽ» አልኳት። እጇን ልይዝ ብዘረጋ አየር ጨበጥኩ። ልጁ ተወለደ። ከዚያ ደሙ መጣ፤ አንሶላው ቀላ።

«ሰው ጥሩ! ሰው ጥሩ!» ብዬ የመምህሩን ሸሚዝ ጨመደድኩ። መነጽሩን ሲያወልቅልኝ ላብ አጥምቆኛል፤ ሀያት በሩ ላይ ቆማለች።

«እማማ፣ ፈራሽ እንዴ?»

«ፈራሁ።»

«አንቺ?»

«አራት ልጅ ወልጃለሁ፤ አራቱንም ጊዜ እንዲህ ፈርቻለሁ። ያዋለደችኝ ጎረቤቴም እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። ግን አልለቀቀችኝም።»

ሀያት ወጥታ የሰልፉ መጨረሻ ላይ ተቀመጠች።

ከሰዓት መብራት ጠፋ። ማራገቢያው ቆመ፤ ለመነጽሩ የቀረችው ውስጡ ያለችው ቻርጅ ብቻ ናት። አንድ ተማሪ ሲገባ ቻርጁ ይቀንሳል፤ እኔም የፈረድኩትን ፍርድ እያሰብኩ ከሀያት ፊት የቀሩትን እቆጥራለሁ። የአቦቦ የመጨረሻው መኪና የሚወጣበት ሰዓት አለፈ። ስድስተኛው ሲወጣ ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። መምህሩ «ፍጠኚ፣ ሀያት» አላት።

እሷ የምታየው በላፕቶፑ ይታየናል። ልጁ ተወለደ፤ ደሙ መጣ። ሀያት የምትደገፈው ነገር ፍለጋ እጇን ዘረጋች። ልደግፋት ስነሳ መምህሩ «አትያዣት» አለኝ፤ እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩት። ወደ ኋላ ተንገዳገደች። ከዚያ አንድ እግሯን ወደፊት አድርጋ ባዶ አየሩን፣ የዚያችን ሴት ሆድ፣ ደሙ እንዲቆም ታሽ ጀመረች። «አይዞሽ፣ እዚህ ነኝ፣ አይዞሽ» ትላለች።

«ቆመ» አለ መምህሩ። «ደሙ ቆመ።»

እልል ልል አፌን ከፈትኩና «ወንድ ነው ሴት?» አልኩ። በእኛ ወግ ለወንድ ሰባት፣ ለሴት ሦስት ጊዜ ነው እልል የሚባለው። ይህ ወግ ከልጅነቴ ጀምሮ ያናድደኛል።

«መሣሪያው አይናገርም እናቴ።»

«እንግዲያው ሰባት!»

ተማሪዎቹም ተቀበሉኝ። ሰባተኛው ላይ መነጽሩ ጠፋ።

መልስ

ሀያት የተከራየቻት ክፍል አድሬ ረቡዕ ተመለስኩ። ያው ረዳት «ማዘር፣ ዛሬስ ከማን ጋር ነሽ?» አለኝ። «ዛሬ ታርቄያለሁ» አልኩት።

መንገዱን ሙሉ ያሰብኩት አንድ ነገር ነው። ሰው ማንንም ሳይጎዳ የሚወድቅበት ቦታ ያስፈልገዋል፤ ያ መነጽር እንዲህ ያለ ቦታ ነው። አንድ ብቻ መሆኑ ግን ትክክል አይደለም። ለአቦቦም ለጎረቤታችን ለጎግም ይድረስ፤ የሚመለከተው ሰው አቦቦ ሲመጣ ይህንኑ ፊት ለፊት እነግረዋለሁ።

ከሳምንታት በኋላ በቆሎ እየፈለፈልኩ ስልኬ ጮኸ።

«እማማ፣ ዛሬ የእውነቷን አዋለድኩ።»

«ወደቅሽ?»

«እጄ ተንቀጠቀጠ እንጂ አልወደቅኩም። እናትየዋም ደህና ናት።»

«ልጁስ?»

«ሴት ናት» አለችና ሳቀች። «ስልኩን ለእናትና ለልጇ አስጠግቼላቸዋለሁ፤ እልልታውን ጀምሪ።»

በቆሎውን አስቀምጬ ተነሳሁ። ሰባቱንም ሰጠኋት።